ከድልድዩ ወዲህ

“እንዳትሮጪ” አላት ጋሽ ምላጭ ወደ ኋላው ሳይዞር። “የሚሮጥ ሰው ሲያዩ ይደነግጣሉ። የደነገጠ ልጅ ደግሞ ይተኩሳል።”

ገምጋሚዋ ሩጫውን ተወች። ተወች ይባል እንጂ የእሱ እርምጃ ለእሷ ሩጫ ነበር። ቦርሳዋ ከጎኗ እየተላጋ፣ ጫማዋ ጠጠሩ ላይ እየተንሸራተተ፣ ነፍሷ አፏ ላይ ደርሳ ተከተለችው። ሰውየው ግን እጆቹን ኪሱ ከትቶ፣ ያገኘውን ሁሉ “እንዴት አደራችሁ” እያለ፣ ዳቦ ሊገዛ የወጣ አባወራ መስሎ ይሄዳል።

ጋሽ ምላጭ የሰፈሩ አስታራቂ ነው። “ምላጭ” የሚለው ስም ከድሮ ሥራው የመጣ ነው፤ ምን ዓይነት ሥራ እንደነበረ ለመገመት ነጋሪ አያሻም። “ጋሽ” የምትለዋ ግን ከአዲሱ ሥራው የመጣች ናት። እሱና ባልደረቦቹ ሁሉም በጊዜያቸው ብረት የያዙ፣ አንዳንዶቹም ታስረው የወጡ ሰዎች ናቸው። አሁን ጠብ በሸተተበት ሁሉ ቀድመው እየደረሱ፣ ሽጉጥ ከወገብ ሳይወጣ ነገሩን ያበርዳሉ። ደመወዛቸውን የሚከፍል አንድ ድርጅት አለ። ድርጅቱ ደግሞ ገንዘቡን ከሚሰጡት ሰዎች “ለመሆኑ ይሄ ነገር ሰው ያተርፋል ወይ?” የሚል ጥያቄ ሲመጣበት ገምጋሚዋን ቀጠረ። እሷም ዓመት ሙሉ ከሰፈሩ አልጠፋችም። የት ተተኮሰ፣ መቼ ተተኮሰ፣ ማን ቆሰለ እያለች ስትጠይቅ ልጆቹ “እትዬ ቁጥር” የሚል ስም አወጡላት። ጋሽ ምላጭ ስም ካወጡልሽ ወደውሻል ማለት ነው ብሎ አጽናንቷታል፤ የእሱንማ እናቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቀው ፖሊስ ብቻ ነው።

ዛሬ ወደ አስታራቂዎቹ ክፍል የመጣችው ለመሰናበት ነበር። ሪፖርቱ አልቋል፤ ከሰዓት በኋላ ለገንዘብ ሰጪዎቹ ይቀርባል። የሚያኮራ ሪፖርት ነው። ፕሮግራሙ መቀጠሉ ብቻ ሳይሆን ለሌሎች ሰፈሮችም ይተርፋል ተብሎ ይጠበቃል። ይህን የምሥራች ልትነግረው አፏን ስትከፍት ነው ስልኩ የጮኸው። ሻይዋም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀረ።

ሚኒባሶቹ የሚሰለፉበት ተራ ላይ ሲደርሱ ተሳፋሪው ሁሉ ከመኪኖቹ ጀርባ ተሸሽጓል። ባዶው ቦታ ላይ የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው የብየዳ ቤቱ ልጅ ነው፤ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቱታው በእሳት ፍንጣሪ የተበሳሳ። ቀኝ እጁን ቱታው ውስጥ ከትቷል። ሁለተኛው ሚኒባሱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ስንጥር የሚያላምጥ ሾፌር ነው። ምንም ያልመሰለው ለመምሰል ይጥራል።

የነገሩን ሥር ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ባለፈው ሳምንት ሾፌሩ ወደ ኋላ ሲነዳ የበያጁን ታናሽ ወንድም ገጭቶ እግሩን ሰበረው። አላሳከመውም አይባልም፣ አሳክሞታል። ነገር ግን አንዲት “ይቅርታ” ከአፉ አልወጣችም። ይባስ ብሎ “ዓይኑን የት ጥሎት ነው የሚሄደው” ብሎ ረዳቱን አሳቀ የሚል ወሬ ብየዳ ቤት ደረሰ። በያጁ ያቺን አንድ ቃል ሲጠብቅ ሰነበተ። ስትቀርበት ጊዜ ሽጉጥ ፈለገ፤ አገኘም። በዚህ ዘመን ከይቅርታ ይልቅ ሽጉጥ በቀላሉ ይገኛል።

ገምጋሚዋ ሾፌሩን ስታየው ደነገጠች። ታውቀዋለች። ከድልድዩ ማዶ የእናቷን የጎን ክፍል የተከራየው እሱ ነው፤ እናቷ ዘንድ ያደረች ለት በግድግዳው በኩል ሲያንኮራፋ ትሰማዋለች። “ተነሥና ይቅርታ በለው፣ ምን ይቀንስብሃል” ልትለው አፏ ላይ ደርሶ መለሰችው። በሙያዋ የማይጣስ አንድ ሕግ አለ፦ የምትመዝነውን አትንካ። አውራ ጣቱን ሚዛን ላይ የሚያሳርፍ ሥጋ ሻጭና በምታጠናው ነገር እጇን የምትከት ገምጋሚ አንድ ናቸው። ስለዚህ ዳር ቆማ አየች።

ጋሽ ምላጭ ሰተት ብሎ መሃል ገባ። ጀርባውን ለሾፌሩ ሰጥቶ፣ ደረቱ የበያጁን ደረት ሊነካ ምንም ሳይቀረው ቆመ። ስለ ሽጉጥ አንድም ነገር አላነሣም። የቤቱን በር ማጠፊያ መቼ እንደሚበይድለት ነው የጠየቀው። ሚስቱ በሩን በገመድ እያሰረች ማደር ከጀመረች ሰነባብታለች፤ አሁን የምትፈራው ሌባ መጥቶ ቤቱን እንዳይዘርፍ ሳይሆን ገመዱን ይዞባት እንዳይሄድ ነው አለው። የልጁ ከንፈር ሳይወድ በግዱ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ምላጭ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የተናገረውን ማንም አልሰማም። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ የበያጁ እጅ ከቱታው ውስጥ ባዶዋን ወጣች። ከመኪኖቹ ጀርባ አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች። ሾፌሩ ሚኒባሱን አስነሥቶ፣ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ ነዳው።

የአስታራቂዎቹ ክፍል የቀድሞ ጎማ መጠገኛ ነው። በሩ ቀይ ቀለም የተቀባ ወፍራም ብረት ነው፤ በትከሻ ቁመት ላይ ግን ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ያብለጨልጫል። ጠቡ የበረደለት ሁሉ እዚህ ይመጣና መዳፉን በሩ ላይ አሳርፎ ቃል ይሰጣል። ቃሉን ለጠበቀ በሩ ምንጊዜም ክፍት ነው። ላፈረሰ ግን ይዘጋበታል፤ ያኔ የሚያስታርቀው፣ ሥራ የሚያፈላልግለት፣ ሲታሰር የሚጠይቀው ሰው አያገኝም። በሰፈሩ ከፍርድ ቤት ይልቅ ይህ በር ይፈራል። ገምጋሚዋ ስለ በሩ በሪፖርቷ ላይ አሞግሳ ጽፋለች። ቃሉ የሚሰጠው ግን ሰው ዞር እንዲል ተደርጎ ስለሆነ በጆሮዋ ሰምታው አታውቅም፤ ሁልጊዜ ውጭ ጠብቂ ትባላለች። ዛሬ በግርግሩ ውጪ የሚላት ጠፋ።

በያጁ መዳፉን ብረቱ ላይ አሳረፈ።

“ከድልድዩ ወዲህ በማንም ሰው ላይ እጄን አላነሣም” አለ። “ባነሣ ይህ በር ይዘጋብኝ።”

“ይዘጋብህ” አለ ጋሽ ምላጭ፤ ትከሻውን መታ መታ አድርጎም ሸኘው። ሽጉጡን አልጠየቀውም። መሣሪያ አምጡ ያሉ ለት ወደ በሩ የሚመጣ ሰው እንደማይኖር ሥራውን ሲጀምሩ አይተውታል።

ልጁ ከወጣ በኋላ ነው ጋሽ ምላጭ ወንበሩ ላይ ዘፍ ያለው። ሌላ ቀን ቢሆን አይታ እንዳላየች ትሆንና እስኪረጋጋ ትወጣለት ነበር።

“ከድልድዩ ወዲህ አለ” አለችው።

“አዎ።”

“ከድልድዩ ማዶስ?”

ጋሽ ምላጭ የቀዘቀዘውን የእሷን ሻይ አንሥቶ ጨለጠው። “ማዶው የእኔ አይደለም።”

“ሁሉም እንደዚህ ነው ቃል የሚሰጡት?”

“ሁሉም።”

ከዚያ ሳትጠይቀው ያስረዳት ጀመር። መጀመሪያ ላይ ሙሉውን ቃል ነበር የሚጠይቁት፤ የትም ቦታ፣ በማንም ላይ። አንድም ልጅ እሺ አላለም። ወንድሙ የተገደለበትን ሰው ለዘላለም ተው ቢሉት ይስቃል፣ አለ። እናትህ በምትገበያይበት፣ እህትህ ውሃ በምትቀዳበት መንደር ተው ሲሉት ግን ያስባል። ግማሹን ጠየቁ፣ ግማሹ ተሰጣቸው፤ ልጆቹም በሰጡት ቆሙ። በዚያ ላይ ድርጅቱ ራሱ የሥራ ክልላችሁ እስከ ድልድዩ ነው ብሎ አስፈርሟቸዋል። ተሻግሮ ጥይት ያገኘው አስታራቂ ቢኖር ኃላፊነቱ የራሱ ነው።

ገምጋሚዋ ሾፌሩ ማታ ማታ የት እንደሚያድር ነገረችው። ጋሽ ምላጭ ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

“ልጁን ይጥሩትና ሌላውን ግማሽ ይጠይቁት” አለችው።

“የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማሽም? ይህችኑ ያገኘሁት በስንት ልመና ነው። አሁን ሄጄ ጨምርልኝ ብለው የሰጠኝንም ያነሣብኛል።”

“አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባልም አለ።”

“አረሙ የበቀለው ማዶ ነው” አለ። ወዲያው ግን አፈረና አንገቱን አከከ። “ይቅር በይኝ። እናትሽን ማለቴ አይደለም።”

ፖሊስም እንዳትጠራ ለመናት። እዚህ ክፍል ውስጥ የሰማችውን ከድርጅቱ ውጭ ላታወጣ ፈርማለች። ቃል የሰጠ ልጅ በወጣ በሰዓቱ ቢታሰር፣ ያ የሚፈራው በር ከነገ ጀምሮ ተራ ብረት ይሆናል፤ ዳግም የሚነካው የለም። ትክክል ነው። ያናደዳትም ትክክል መሆኑ ነው።

ድልድዩን በእግሯ ተሻገረች። ወንዙ ወንዝ ለመባል ውሃ የሚያንሰው፣ ፌስታልና አሮጌ ጎማ የሞላው ነው፤ ዘሎ ለሚሻገረው ሰው ድልድዩም አያስፈልገው። መሃሉ ላይ ስትደርስ ቆመች።

የግምገማ ሥራ ማወዳደሪያ ይፈልጋል። ፕሮግራሙ ያለበትን ሰፈር ከሌለበት ጋር አስተያይተህ ነው ለውጥ መጣ የምትለው። ማወዳደሪያውን የመረጠችው ራሷ ነበረች። ማዶውን መረጠች። ድህነቱ አንድ፣ የሕዝቡ ብዛት አንድ፣ በዚያ ላይ ተወልዳ ያደገችበት ስለሆነ ጓዳ ጎድጓዳውን ታውቀዋለች። ውጤቱ የታየ ቀን የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ከወንበሩ ተነሥቶ አጨበጨበላት። ሁለት መስመሮች ናቸው፤ የወዲሁ ይወርዳል፣ የማዶው ይወጣል፣ በመሃላቸው ያለው ክፍተት እየሰፋ ይሄዳል። ክፍተቱ ፕሮግራሙ ያተረፈው ነፍስ ነው ተብሎ ተጻፈ። አሁን ግን የማዶው መስመር የወጣው የወዲሁ ስለወረደ ከሆነስ? ጥይቱ አልቀረም ማለት ነው። ተሻግሯል።

እንዴት አልጠረጠረችም? ያስደሰተውን ነገር ማን ይጠረጥራል። ከዚህም የባሰ አለ። ማዶ ተተኮሰ የተባለ ለት ለእናቷ ትደነግጣለች፣ ስልክ ትደውላለች፣ “ደህና ነን” ስትባል እፎይ ትላለች፤ ከዚያ ኮምፒውተሯን ከፍታ የማዶውን መስመር ትንሽ ከፍ ስታደርገው፣ ሪፖርቱ አማረ የሚል ስሜት ልቧ ውስጥ ሽው ብሎ ያልፍ ነበር። ይህን አሁን ስታስታውስ ፊቷ በኃፍረት ጋለ።

እናቷ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ ጓዳ ገብቷል፤ በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርታ ትሰፋለች። የጨርቅ ክምሩ መስኮቱን ከድኖታል። ጨርቅ ጥይት ያስቆማል ያላት ማን እንደሆነ ባይታወቅም ክምሩን ማንም እንዲነካባት አትፈልግም። ግቢው ውስጥ ያለው የውሃ ታንከር ወገቡ ላይ በጥይት ተበስቶ ላስቲክ በተጠቀለለበት እንጨት ተወትፏል። ሚኒባሱ አጥሩን ተጠግቶ ቆሟል።

መጀመሪያ የሾፌሩን በር ነው ያንኳኳችው። ነገሩ አላለቀም አለችው፣ ሌሊቱን ሌላ ቦታ እደር፣ ከተቻለም አሁን ሄደህ ያቺን አንድ ቃል በለው። ሾፌሩ ስንጥሩን ከአፉ አወጣ። ልል አስቤ ነበር አላት፤ ሆስፒታል ድረስም ሄዶ በር ላይ አፍሮ ተመልሷል። አሁን ግን ሽጉጥ ከመጣበት በኋላ ይቅርታ ቢል ፈርቶ ነው ይባላል። ሸሽቶ ቢያድርም ነገ ተራው ላይ ቦታ የሚሰጠው የለም። ወንድ ልጅና ወሬ ይገርማሉ፤ ሞትን ሳይፈራ ሐሜትን ይፈራል።

እናቷም ብትሆን ከቤቴ አልነቃነቅም አለች። “ዛሬ ብሸሽ ነገስ? ይህን ሁሉ ዩኒፎርም ይዤ ያንቺ አንድ ክፍል ቤት ልገባ ነው?” ካለች በኋላ ልጇ ፊት ላይ ያየችው ነገር አስጨነቃትና ወሬ ለመለወጥ ፈገግ አለች። “ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ የተኩስ ሐኪም ናት ብዬ እያወራሁልሽ ነው። የኛን ሰፈር መቼ ነው የምታዩልን?”

“የእናንተንም አይተነዋል፣ እማዬ። እናንተ ማወዳደሪያ ናችሁ።”

“ማወዳደሪያ ምንድን ነው?”

“ምንም ያልተደረገለት ሰፈር ማለት ነው።”

እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። “ያልተደረገለት ነው ያልሽው?” አለች ሳትቆጣ። “አይ ልጄ። ተደርጎብናል እንጂ። የሚተኩሱት እኮ የኛ ልጆች አይደሉም፤ ከወዲያ ነው የሚመጡት። ጨርሰው ሲመለሱ ድልድዩ ላይ ሲሳሳቁ ይሰማናል።”

“ታዲያ ይህን ለምን አልነገርሽኝም?”

“መቼ ጠየቅሽኝ? ስንት ጊዜ ተተኮሰ ትያለሽ፣ እኔም እነግርሻለሁ። ከየት መጡ ብለሽ አታውቂም።”

ሥራ አስኪያጁ የደወለው ድልድዩን ስትመለስበት ነው። እንግዶቹ እየገቡ ነው፣ የት ጠፋሽ አላት። ሁሉንም ነገረችው፤ ቃሉን፣ መስመሮቹን፣ እናቷ ያለችውን። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም። እስከ መጨረሻው አዳመጣት፤ ከበስተጀርባው የወንበር መንኳኳትና የሰው ሳቅ ይሰማ ነበር።

“ይሄ ማስረጃ አይሆንም” አለ በመጨረሻ። “አንድ ልጅ በር ላይ ያለውንና የእናትሽን ቅሬታ ነው የያዝሽው።”

“ልክ ነው። ስለዚህ ግራፉን ዛሬ አያሳዩ። እናጣራ እንበላቸው።”

“እናጣራ ካልናቸው ገንዘቡን ያቆማሉ። ገንዘቡ ሲቆም ጋሽ ምላጭ ቤቱ ይገባል። እሱ ባይኖር ያ በያጅ ዛሬ ጠዋት ተራው ላይ ይተኩስ ነበር። ይህን ነው የምትፈልጊው?”

አልነበረም። የዛሬው ቀን ጣጣው ይኸው ነው፤ ያነጋገራት ሰው ሁሉ ልክ ነው።

“አስታራቂዎቹ ድልድዩን እንዲሻገሩ ነው የምፈልገው” አለችው። “በውሉ ላይ የተሰመረው መስመር ይነሣ።”

“እንግዲያው ነይና ራስሽ ተናገሪ። አሁኑኑ ታክሲ ያዢ።”

አዳራሹ ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ሄዳ ተናግራ እስክትመለስ ብየዳ ቤቱ ይዘጋል። ከድልድዩ ራስ ሆና ስታይ ከሩቅ የብየዳው ብርሃን ብልጭ ድርግም ይላል።

“መምጣት አልችልም” አለችው። “ልጁን ላነጋግረው ነው።”

የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ተለወጠ። እንዳታደርጊው አላት። በምትገመግሚው ጉዳይ እጅሽን ካስገባሽ የዓመቱ ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው፤ የጻፍሽውን ነገር ሁሉ ማንም አያምነውም፤ ሌላም ቦታ የሚቀጥርሽ አታገኚም። ይህንንም ማስፈራራቱ አልነበረም፤ እውነቱን ነው የነገራት። ራሷም ለጀማሪዎች ስታስተምር ከዚህ የተለየ ብላ አታውቅም።

“እንግዶቹን እንደሱ ይበሏቸው” አለችው። “ገምጋሚዋ ጣቷን ሚዛኑ ላይ አሳርፋለች፣ ሪፖርቷ አይታመንም ይበሏቸው። እኔም ነገ በጽሑፍ እልክላቸዋለሁ።”

ስልኩን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችው። ጋሽ ምላጭ ጠዋት እንዴት እንደሄደ አስታወሰችና አልሮጠችም።

በያጁ ደጁ ላይ ተንበርክኮ የበር ማጠፊያ ይበይዳል። የጋሽ ምላጭ በር ማጠፊያ ነው። ጭንብሉን ወደ ላይ አነሣና አያት።

“እትዬ ቁጥር። ጋሽ ምላጭ ልኮሽ ነው?”

“አይደለም። ቢሰማ ይቆጣኛል።”

“ልትቆጥሪ ነው ታዲያ?”

“መቁጠሩን ተውኩት።” አጠገቡ ካለው የብረት ቁራጭ ክምር ላይ ተቀመጠች፤ ብረቱ ፀሐይ የመታው ስለነበር ቀሚሷን አልፎ አቃጠላት። “ሾፌሩ የሚያድርበት ግቢ የእናቴ ነው። አልጋዋ ከእሱ ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነው።”

ልጁ ማጠፊያውን በጉጠት ገለበጠው። “እኔ ማዶ እሄዳለሁ አላልኩም።”

“አልሄድምም አላልክም።”

“የተጠየቅኩትን ቃል ሰጥቻለሁ።”

“ሰጥተሃል። ያልተጠየቅከውን ልለምንህ ነው የመጣሁት።”

ልጁ ማጠፊያውን አስቀመጠ። ወንድሙ ሌሊት እግሩ ሲጠዘጥዘው እናታቸው እንዳትሰማ ትራሱን እንደሚነክስ ነገራት፤ ለማንም ያልተናገረው ነገር እንደሆነ ከአነጋገሩ ታወቀ። እሷም ሾፌሩ ሆስፒታል በር ድረስ ሄዶ አፍሮ መመለሱን ነገረችው። ልጁ ይህን ሲሰማ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የመሣሪያ ቦርሳ ሄደና ተመለሰ። አመነም አላመነም አይታወቅም።

“እምቢ ብልሽስ?” አላት።

“እስክትዘጋ እዚሁ ነኝ። ስትዘጋም አብሬህ እወጣለሁ። ወደ ቤትህ ከሄድክ እሸኝሃለሁ፤ ወደ ድልድዩ ከሄድክም ከፊትህ እሄዳለሁ።”

በያጁ ራሱን ነቀነቀ፤ ይሁን ማለቱ ይሁን መገረሙ አልገባትም። የብየዳውን እጀታ አነሣና ጭንብሉን ሊያወርድ ሲል ቆም አለ።

“ፊትሽን አዙሪ” አላት። “ዓይንሽን ያቃጥልሻል።”

ፊቷን አዞረች። ከተቀመጠችበት ግን አልተነሣችም።